ነፋስ ታቅፌ ወደ ደባርቅ

ሄዶ መመለስን ላደለ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከደባርቅ በደኅና ገብቻለሁ። የጽዋ ማኅበራችን ወንድሞችና እኅቶች ባለፈው እሑድ «የሰሜን አገር እንዴት ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ዝም ማለቴን አንዳንዶቻችሁ ከትሕትና ቆጥራችሁታል። ከትሕትና አልነበረም፤ ከሐፍረት ነበር። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ አገር እግራችሁ እንደማይደርስ ስለማውቅ፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ተቀምጬ የሆንሁትን ሁሉ እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ። የተራራውን ውበት ፈልጋችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን ከአሁኑ አዝናለሁ፤ ብዙም አላየሁትም።

የጉዞው ምክንያት የልጄ ልጅ ሜሮን ናት። ሜሮን የላቦራቶሪ መሣሪያ መጠገን ተምራ እዚሁ ባሕር ዳር ትሠራለች። ደባርቅ ላይ ደግሞ በአንድ አነስተኛ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ጋዝን በየክብደቱ የሚለይ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚሉት ማሽን አለ። ገበሬው በገብስ ማሳው ላይ ከሚበትነው ማዳበሪያ ምን ያህሉ ለሰብሉ እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ እንደሚያመልጥ የሚታወቀው በእርሱ ነው። ከአፈሩ የሚወጣው አየር በትናንሽ ጠርሙስ እየተያዘ ይመጣለታል።

ይህ ማሽን ታመመ። ሁለት ባለሙያዎች በየተራ ሄደው ዕቃ ቀየሩለት፤ እነርሱ በተመለሱ በጥቂት ቀን ሕመሙም ተመለሰ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሰልችቶት፣ በሚመጣው ሰኞ መኪና ልኮ ማሽኑን ወደ ከተማ ሊያስጭነው ቆረጠ። ማሽኑ ከተጫነ ከክረምት ጀምሮ በጠርሙስ የተያዘው የማሳ አየር ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ የማሽኑ ጠባቂ አቶ ታረቀም ከሥራው ይሰናበታል። ሜሮን የተላከችው ለመጨረሻው ሙከራ ነበር።

እናቷ «ለብቻዋ አትሄድም» አለች። እኔም ማንም ሳይለምነኝ «እኔ እጠብቃታለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ልጄ ከእግሬ እስከ ጥምጣሜ አየችኝና «እሺ፣ አባባ» አለች፤ ቀጥላም ሜሮንን ወደ ጓዳ ጠርታ «አደራ፣ ጠብቂው» ስትላት በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

ማሽኑ ሊጫን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ማለዳ ጉዞ ጀመርን። ሜሮን የመሣሪያ ሣጥኗን ያዘች፤ ለእኔ ደግሞ ሂሊየም የሚባል ጋዝ የተሞላበት፣ በሕፃን ልክ የሆነ የብረት ሲሊንደር አስታቀፈችኝ። ማሽኑ ቀዳዳ እንዳለው የሚፈተነው በዚህ ጋዝ ነው አለች። በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ክርስትና ልጅ ይዤው መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ፈታሹ አስቆመኝ።

«አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

መዋሸት አልወድም፤ ማብራራትም አልችልም። «ነፋስ ነው» አልሁት።

«ምን?»

«ነፋስ፣ ልጄ። ቀለል ያለ ነፋስ።»

ፈታሹ ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ! እኒህ አባት ነፋስ ይዘው ጎንደር ሊሄዱ ነው።»

«ጎንደር ነፋስ ጠፋ እንዴ?» አለ ጓደኛው።

ሜሮን ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣትን ፈቃድ አሳይታ ባታስጥለኝ ኖሮ የእኔ ጉዞ እዚያው በተፈጸመ ነበር። አውቶቡስ ውስጥም ዕረፍት አላገኘሁም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጥቅሉን ሲያዩት፣ ጥምጣሜንም ሲያዩ፣ «ጠበል ነው፣ የኔታ?» አሉኝ። «አይደለም» ብዬ አፌን ሳልዘጋ ተሳልመውታል። ከዚያ በኋላ ምን ልበል? እስከ ጎንደር ድረስ በአክብሮት ታቅፌው ሄድሁ።

ጎንደር አደርን። ያደርንበት ቤት ንጹሕ ነው፤ አልጋው ግን የተሠራው ለረጅም ሰው ነው መሰለኝ፣ መካከሉ ላይ ጠፋሁ። በእኛ በባሕር ዳር ዓሣ ሳይቀርብ እራት አይባልም፤ እዚያ ሽሮ አቀረቡልን። ሽሮው እጅግ ጥሩ ነበር። ይህን የምናገረው በግድ ነው።

ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ ሰሜን ወጣን። ለሜሮን «ጋቢ አያስፈልገኝም፤ እኔ በወጣትነቴ በብርድ አገር ዜማ የተማርሁ ሰው ነኝ» ብዬ ስለ ነበር፣ ወፍራሙን ጋቢዬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሰው እህል እየጫነና እያወረደ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ቆመን ሳለን የሚገባው ነፋስ የወጣትነቴን ትምህርት ሁሉ አስረሳኝ። በእኛ አገር ጥቅምት ማለት ከሐይቁ ዳር ጥላ የሚፈለግበት ወር ነው። እዚያ ግን ሰው ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ፈልጎ እየተሻማ ይደገፋል።

ዳባት ልንገባ ስንል ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እርሱም የተኛ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን ጭኖ ሊያሠራ ሄደ፤ ቆይቶም «ነገ እንጂ ዛሬ አይሆንም» ብሎ ተመለሰ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ቆመው ያዩን ነበር፤ ስማቸው ወይዘሮ ስንዱ ይባላል።

«ይግቡ እንጂ፣ የኔታ! ውጭ የሚያቆምዎ ምን አለ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ከባሕር ዳር ነው የመጡት?»

«በምን ዐወቁ?»

«የጥርስዎ መንቀጫቀጭ ነገረኝ።»

ቤት አስገብተው ድንች በቃሪያ፣ የባቄላ ቆሎና ጠላ አቀረቡልን፤ ለእኔም የሟች ባለቤታቸውን የሱፍ በርኖስ አልብሰው በአጎዛ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቱ ደኅና ይነዳል። ወይዘሮ ስንዱ ከደጃፉ አጠገብ ያኖርሁትን ጥቅል አዩና «እሱስ ምን በደለ? ወደ እሳቱ ይጠጋ እንጂ» አሉ። እኔም «እውነት ነው፣ ብረት ነውና ይበርደዋል» ብዬ አንሥቼ ከምድጃው ጥግ ሳስቀምጠው፣ ሜሮን እንደ ነብር ዘልላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አባባ! የታመቀ ጋዝ እኮ ነው! ቤቱን ከነእኛ ልትበትኑት ነው?»

ወይዘሮ ስንዱ እስኪያነቡ ሳቁ። «እንግዲህ የኔታ፣ እኔና እርስዎ ደግ ልንሠራ ብለን ሰፈሩን ልናጠፋ ነበር» አሉኝ። ጠዋት ስንሰናበት በርኖሱን አውልቄ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። «ሲመለሱ ያደርሱታል፤ ካልተመለሱም እዚያው ይሙቅዎ።»

ረቡዕ ጎማው ተሠርቶ ረፋድ ላይ ደባርቅ ገባን። አቶ ታረቀ በጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ቃሉን ሁሉ አሟልቶ የሚናገር የአገሬው ሰው ነው። ሜሮን ስትጨብጠው፣ «እኅቴ፣ ሁለት ወንዶች ሞክረው አቅቷቸዋል። ሚስቴም ከሰኞ በኋላ ምን እንደምንበላ ከአሁኑ ጠይቃኛለች። አንቺ ብታድኚው ምን እንደምልሽ አላውቅም» አላት።

ማሽኑን አየሁት። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከጥቂት ቧንቧና ከብዙ ሽቦ ጋር የታሰረ ቁም ሣጥን ይመስላል። ሜሮን እንዳስረዳችኝ ነገሩ ከአውድማ አይርቅም፤ እኛ ምርቱን በመንሽ ስናነሣው ነፋሱ ገለባውን አርቆ ፍሬውን አቅርቦ እንደሚጥለው፣ ይህም ማሽን ጋዙን በኤሌክትሪክ እየመታ ቀላሉንና ከባዱን ይለያል። ለዚህ ግን ውስጡ ፍጹም ባዶ መሆን አለበት፤ ፓምፑም ቀንና ሌሊት የውስጡን አየር እየመጠጠ ያወጣል።

ሕመሙ ሁለት ነው አለች። አንደኛው፣ የታወቀ ጋዝ ሲሰጠው የሚያሳየው ምልክት እጅግ አነስተኛ ሆኗል። ሁለተኛው፣ ያንኑ ጋዝ ጠዋት ሲለካና ከሰዓት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ዜማ ያስተማርሁ ሰው አይደለሁምን? «ገባኝ» አልሁ። «ድምፁ ሰልሏል፤ ደግሞም ከዜማው ይወጣል።» ሜሮን «ልክ ነዎት፣ አባባ» አለችኝ። ይህች «ልክ ነዎት» ምን ያህል እንዳሳበጠችኝ በማግሥቱ ታያላችሁ።

በመጀመሪያ ሜሮን ጋዝ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ ፈታች። ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበርና ቀየረችው። ከዚያ የታቀፍሁትን ነፋስ ከፈተች።

«አባባ፣ እኔ በየመጋጠሚያው ላይ ይህን ጋዝ ጥቂት ጥቂት እነፋለሁ። ቀዳዳ ካለ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ያን ጊዜ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለው ይህ መስመር ወደ ላይ ይነሣል። እርስዎ ዐይንዎን ከመስመሩ አይንቀሉ። ሲነሣ ይጩሁ።»

ሂሊየም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣልና ከላይኛው መጋጠሚያ ጀመረች። እኔም መነጽሬን አድርጌ ከመስኮቱ ፊት ተተከልሁ።

«ተነሣ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ምን ያህል?»

«የትንኝ እግር ያህል።»

«እሱ ሁልጊዜ ያለ መንቀጥቀጥ ነው፣ አባባ።»

ጥቂት ቆይቼ እንደገና ጮኽሁ፤ እንደገናም የትንኝ እግር ሆነ። ሦስተኛ ስጮኽ አቶ ታረቀ «የኔታ፣ ይህች ትንኝ ስንት እግር አላት?» አለኝ። ተቀይሜ መነጽሬን ጠረግሁ። በዚህ መካከል ሜሮን ወደ ታችኛው መጋጠሚያ ደርሳ ጋዙን ስትነፋ መስመሩ ከሥሩ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ጫፍ ተሰቀለ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ድምፅ ከየት ይምጣ? አቶ ታረቀ ነው ከኋላዬ «ኧረ ሰማይ ነካ!» ብሎ የጮኸው።

የተሰነጠቀ የጎማ ቀለበት ነበር። ሜሮን ማሽኑን አጥፍታ ቀለበቱን ቀየረች፤ መልሳም አስነሣችው። የታወቀውን ጋዝ ስትሰጠው ምልክቱ ጎላ ብሎ ወጣ። «ድምፁ ተመልሷል» አለች። «አሁን የቀረው መርጋቱ ነው። ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሥራ። ማንም እንዳይነካው።» ማታ በአቶ ታረቀ ቤት ሚስቱ ያዘጋጀችውን የጾም ወጥ በልተን፣ እኔም በርኖሴን ለብሼ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ የወሩ ሚካኤል ነበር። ሁላችንም ቅዳሴ አስቀደስን። ሜሮን ከሴቶቹ ጋር ወደ ዝክሩ ቤት ስትሄድ፣ እኔ በደጀ ሰላሙ ከሽማግሌዎች ጋር ቀረሁ። እንግዳ መምህር መምጣቱን ሰምተው ከበቡኝ፤ አንዱ ስለ ጾም፣ አንዱ ስለ ስእለት ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ ደስ እያለኝ ስመልስ አቶ ታረቀ እጁን አጣምሮ ቀረበ።

«የኔታ፣ ልጅቷ ማሽኑን አትንኩት ብላለች። ዛሬ ደግሞ ሚካኤል ነው። የማንን ልስማ?»

«ይህም ጥያቄ ነው እንዴ!» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን አቀኑ። እኔም በግእዝ ጀመርሁ፣ በአማርኛ አራዘምሁ፤ ሰውም ከብትም ባሪያም መጻተኛም በበዓል እንደሚያርፍ፣ ብረት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የማያርፍበት ምክንያት እንደሌለ አስረዳሁ። ከጨረስሁ በኋላ «እንግዲያስ ይረፍ» ብዬ በየንሁ። «እሰይ፣ የኔታ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አቶ ታረቀም እጄን ስሞ ሄደ። በዚያ ሰዓት ከደጀ ሰላሙ ጉልላት እኔ ከፍ ብዬ ነበር።

ከዝክሩ በኋላ ወደ ጣቢያው ስንሄድ ሜሮን በሩን ከፍታ ገባች። ገብታም ቆመች። ፓምፑ ጸጥ ብሏል።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለች።

«መብራትስ አለ» አለ አቶ ታረቀ።

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

አቶ ታረቀ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ ጣሪያው አየሁ። «ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ...» ብዬ ጀመርሁ፤ የማለዳው አንደበቴ ግን አብሮኝ አልመጣም።

ሜሮን በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በተሻለኝ። ወደ አቶ ታረቀ ዞረች። «ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ ነው ያጠፉት? ወይስ ሁልጊዜ?»

«ኧረ ሁልጊዜ አላጠፋም! በበዓል ብቻ።»

«በየትኛው በዓል?»

«ያው እንደማንኛውም ክርስቲያን። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ሰንበታትም አሉ።»

«ለመጡት ሁለት ሰዎች ይህን ነግረዋቸዋል?»

«አልጠየቁኝም። ደግሞ በዓል ማክበር ምኑ ይነገራል?»

እንግዲህ የማሽኑ ሁለተኛ ሕመም ይህ ነበር። ሜሮን እንዳስረዳችን፣ ፓምፑ በቆመ ቁጥር አየርና እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባና በግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ያን እርጥበት ነቅሎ ለማውጣት ፓምፑ ቀናት ይፈልጋል፤ ቁጥሩም የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይረጋ ግን ሌላ በዓል ይደርሳል። ያ ማሽን ከተተከለ ጀምሮ ደርቆ የማያውቅ ማሽን ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች ደኅና የነበረውን ዕቃ ሁሉ እየነቀሉ ሲቀይሩ የኖሩት በከንቱ ነው።

«እስከ ሰኞ ሳያቋርጥ ከሠራ ሊረጋ ይችላል» አለች ሜሮን። «ግን ቀዳሚት ሰንበትም እሑድም በመካከል አሉ። እኔ ቁጭ ብዬ ብጠብቀው እንኳ፣ ከሄድሁ በኋላ በሚመጣው ማርያም ይጠፋል።»

ያን ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «አቶ ታረቀ፣ ነገሩን ደግሜ ሳስበው ማሽኑ ባይጠፋ ይሻላል» አልሁ።

አቶ ታረቀ አተኩሮ አየኝ። «የኔታ፣ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ? ታዲያ የማይረጋው ማሽኑ ነው ወይስ እርስዎ?»

ሜሮን ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አልሁት።

«እርስዎ ባሕር ዳር ይገባሉ፤ እኔ ግን ከሚካኤል ጋር እዚህ ቀሪ ነኝ። ሥራዬንም አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ በዓል መሻርን ደግሞ ከዚያ አብልጬ እፈራለሁ። የነፍስ አባቴ ካላሉኝ አልሰማም።»

በዚያ ቀን ማሽኑን ያስነሣችው ሜሮን ራሷ ናት። አቶ ታረቀ እንዳያይ ከቤት ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ይልማ ሄድን። በዕድሜ የልጄ እኩያ ናቸው፤ ከቤታቸው ጓሮ ድንች ሲያወጡ አገኘናቸው። ጥምጣሜን አይተው የሚቆፍሩበትን ቶማራ ጣሉና «የኔታ፣ ምን አደከመዎ? በላኩብኝ እንጂ» አሉ። እኔ የትናንት ብይኔን ለማፍረስ ልጄ በሚሆን ካህን ፊት ቆሜ፣ ምን ብዬ እንደ በየንሁ፣ ስለ ምን እንደ በየንሁ፣ ሽማግሌዎቹም እንዴት እሰይ እንዳሉኝ ሁሉንም ተናገርሁ። ቄስ ይልማ አልሳቁም። ይህንን ውለታቸውን አልረሳም።

«ልጄ» አሏት ሜሮንን፤ «በበዓል ቀን ይህ መሣሪያ ሰው ያሠራል?»

«አያሠራም፣ አባታችን። ራሱ ነው የሚሠራው።»

«ምን ሥራ?»

«የውስጡን አየር እያወጣ ባዶነቱን መጠበቅ ብቻ። ጠርሙሶቹን መለካት ግን የሰው እጅ ይፈልጋል።»

ቄስ ይልማ እጃቸውን ከአፈር አራገፉ። «ታረቀ፣ ሳንቃ በር ላይ የሰሜን ተራሮችን ፓርክ የሚጠብቀው ዘበኛ በሚካኤል ቀን ጠመንጃውን ጥሎ ይሄዳል?»

«አይሄድም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ መሣሪያውም ጥበቃውን ይጠብቅ። መለካት ሥራ ነው፤ እርሱን በሥራ ቀን አድርግ። በበዓል ጠርሙስ እንዳትነካ።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔ በደጀ ሰላም ያን ያህል አራዝሜ ያበላሸሁትን፣ እርሳቸው ሁለት ድንች እስኪወጣ ባለው ጊዜ አቀኑት። ከድንቹም በነጠላ ቋጥረው ሰጡን።

ቅዳሜ ሜሮን «አባባ፣ እስቲ ወጣ ብለው አገር ይዩ» አለችኝ። ቃሉ ትሕትና ነበረው፤ ትርጉሙ ግን ከማሽኑ ይራቁ ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። በባጃጅ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሄድሁ። ስለዚያ ገደል ብዙ ሰምቻለሁ፤ ስደርስ ግን ጉሙ ከእግሬ በታች እንደ ተነደፈ ጥጥ ተኝቶ ነበር። ከውስጡ የከባድ መኪና ማቃሰት ይሰማል፤ መኪናው ግን አይታይም። ወደ ዳር ጠጋ ስል ራሴ ዞረብኝና መሬት ላይ ዘጭ አልሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአጠገቤ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ዋሉ፤ አንድም ቀና ብሎ ያየኝ የለም። የሰሜን ተራራ እንዴት ነበር ላላችሁኝ፣ መልሴ ይኸው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ታረቀ ከሰው ተለይቶ ሲሄድ አየሁትና ተከተልሁት። ከጣቢያው በር ውጭ በነጭ ልብሱ፣ ዱላውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ፓምፑ ከውስጥ ያጉረመርማል።

«ምን ትሠራለህ?» አልሁት።

«አልነካሁትም፣ የኔታ። ግን በእሑድ ቀን ይህን ድምፅ ስሰማ ልቤ አልታዘዘኝም። ቤቴ ብቀመጥ የማጠፋው መሰለኝ፤ እዚህ ብቀመጥም እጄ ይበላኛል።»

«የነፍስ አባትህ ፈቅደውልሃል።»

«እሳቸውስ ፈቅደዋል። እኔ ነኝ እንጂ ያልፈቀድሁ።»

ብይን የሚባል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ምያለሁ። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሚስቱ ዳቦና ጠላ ላከችልን። ሰው በመንገድ ሲያልፍ አቶ ታረቀ ድምፁን ለመሸፈን ይመስል ያስላል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ተቀመጥን፤ እኔ እርሱ ያጠፋዋል ብዬ፣ እርሱም ምናልባት እኔ ሌላ ብይን እሰጣለሁ ብሎ። ማሽኑ ግን አልጠፋም።

ሰኞ መኪናው መጣ። ከሾፌሩ ጋር አንድ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወረዱ። ከኋላ በኩል ለማሽኑ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል፤ ገመድና ሸራም አለ። ሜሮን «ከመጫኑ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት» አለች። የታወቀውን ጋዝ ሰጠችው፤ ቁጥሩ ወጣ። ኃላፊው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ እንደገና ሰጠችው። ያው ቁጥር ወጣ። «አጋጣሚ ይሆናል» አሉ። ከምሳ በኋላም ደገመች። አቶ ታረቀ መስኮቱን አላየም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«ወጣ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ዐይኔን አሻሽቼ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። «የትንኝ እግር ያህል እንኳ አልተነቃነቀም» አልሁት።

ኃላፊው «እንግዲህ ይቆይ። ጠርሙሶቹን ለኩ» አሉ። አቶ ታረቀ ዞሮ ሜሮንን ጨበጣት፤ እጇን ሳይለቅ ረጅም ጊዜ ቆየ። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ነበርና፣ ሜሮን ከማግሥቱ ጀምራ ጠርሙሶቹን አብራው ልትለካ እዚያው ልትሰነብት ሆነ። እኔ ግን፣ እናንተ እንድትረዱት በግልጽ ልናገር፣ ለሥራው እንደማላስፈልግ ሁሉም ተስማሙ።

«ለመሆኑ ባዶዬን ልመለስ ነው?» አለ ሾፌሩ። ጋቢናው ውስጥ ከኃላፊው ጋር የኃላፊው ሻንጣና የተገዛ የማር ቆርቆሮ ተቀምጠዋል፤ ቦታ የለም።

አቶ ታረቀ በጥሞና አሰበና «የኔታን ጫን» አለ።

እንዲህ ሆነ። በርኖሴን ለብሼ በማሽኑ ፍራሽ ላይ ተጋደምሁ። አቶ ታረቀ ሸራውን እስከ አገጬ ሳበልኝ፤ ገመዱንም ከግራና ከቀኝ እያጠበቀ ለሾፌሩ «ቀስ ብለህ ንዳ፤ መነቅነቅ አይወዱም» ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመና «ይፍቱኝ፣ የኔታ» አለ። ፈታሁት። ዳባት ላይ ቆመን በርኖሱን ለወይዘሮ ስንዱ ላደርስ ከሸራው ሥር ስወጣ አይተው «ምን አድርገው ነው ያሰሩዎ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በርኖሱን ግን አሁንም አልተቀበሉኝም።

ሾፌሩ የተሰጠውን ትእዛዝ እስከ ጎንደር ጠበቀ። በዕድሜዬ እንዲያ በጥንቃቄ ተጭኜ አላውቅም። ማሽኑ ደባርቅ ቀርቷል፤ አቶ ታረቀም ከማሽኑ ጋር አለ። ሰኞ ዕለት ከዚያ ጣቢያ «አያስፈልግም» ተብሎ ተጭኖ የወጣው እኔ ብቻ ነኝ።